የማይመልስ ስክሪን፦ ታብሌት አረጋውያንን ለምን ያስቸግራል?

እማዬ ጡረታ የወጣች ታይፒስት ናት። ከ30 ዓመት በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ኦሊቬቲ በሚባል ታይፕራይተር ላይ ደብዳቤ ስትመታ ኖራለች። አሁን 73 ዓመቷ ነው። አምና ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ታብሌት ላከችላት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ የልጅ ልጆቿን ደህና አድርጋ ታያለች፤ እንደ ስልኩ ዓይኗን አታጨናብስም።

በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። «ልጄ፣ የእህትህ መደወያ ጠፋብኝ» አለች። ሄጄ ሳየው እውነትም የለም። የቪዲዮ መደወያው አፕ ከፊት ገጹ ላይ ተነስቷል። መልሼ አስቀመጥኩላት። በሳምንቱ ደግሞ ጠፋ። በዚህን ጊዜ ማስተካከሉን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ማየት ጀመርኩ። ሥራዬ የስልክና የታብሌት አፕ መሥራት ነው። እንደዚያን ቀን ስለ ሥራዬ ብዙ የተማርኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

እማዬ ምልክቱን በአመልካች ጣቷ ጫን አደረገችው። ምንም አልሆነም። ጣቷን ሳታነሳ ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ ምልክቱ ከጣቷ ሥር ብድግ አለ። ደንገጥ ብላ እጇን ወደ ላይ ሳበች። ምልክቱም ጣቷን ተከትሎ ወጣ። ከላይ «አስወግድ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ ነበር፤ እዚያ ላይ ስትለቀው ጠፋ። ዞር ብላ አየችኝ። «አየህ? እኔ ምንም አላደረግኩም» አለች። ልክ ነበረች።

ታይፕራይተር ሲመቱት ይመልሳል። ቁልፉ ይወርዳል፣ ፊደሉ ወረቀቱን ቀጭ ያደርገዋል፣ መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሉ ይጮኻል። የድሮው ባለ ቁልፍ ስልክም እንዲሁ ነው፤ ቁልፉ ሲወርድ ጣት ያውቀዋል። የታብሌት መስታወት ግን ዝም ይላል። ዝም ሲላት እማዬ ጠበቅ አድርጋ፣ ቆየት ብላ ትጫናለች። የጠሩት ሰው አልሰማ ሲል ሁላችንም ድምፃችንን ከፍ እንደምናደርገው ነው። ችግሩ ታብሌቱ ላይ ቆየት ብሎ መጫን ሌላ ትእዛዝ መሆኑ ነው። ነካ ማድረግ «ክፈተው» ማለት ነው። ነክቶ መቆየት «አንሳው፣ አንቀሳቅሰው፣ አጥፋው» ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። ይህን የሚናገር ነገር ስክሪኑ ላይ የትም የለም።

ስለ አረጋውያንና ስለ ቴክኖሎጂ ሲወራ የሚሰማው «ይፈራሉ» ወይም «አይገባቸውም» የሚል ነው። እኔ ይህን አልቀበልም። እማዬ ማሽን የምትፈራ ሴት አይደለችም፤ ዕድሜዋን ሙሉ በማሽን ነው እንጀራዋን የበላችው። የምትፈራው ያላዘዘችውን ነገር የሚሠራ፣ ስትጠይቀው የማይመልስ፣ ስትሳሳት ደግሞ መመለሻውን የማያሳይ ነገርን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ይፈራል። ወጣቱ የማይፈራው ስህተት ቢሠራ እንዴት እንደሚወጣ ስለሚያውቅ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2020 1 ቢሊዮን ነበሩ፤ በ2050 ወደ 2.1 ቢሊዮን ይደርሳሉ። በኢትዮጵያም አገልግሎቱ በፍጥነት ወደ ስክሪን እየገባ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ገንዘብ መላክ፣ የመብራትና የውኃ መክፈል፣ ቀጠሮ መያዝ ሁሉ ስልክና ታብሌት ላይ ሆኗል። ስክሪኑ ካልመለሰላቸው አረጋውያኑ የልጅ ወይም የጎረቤት እጅ ጠባቂ ይሆናሉ። የሚስጥር ቁጥራቸውንም ለሌላ ሰው ይሰጣሉ።

ጣት

ያን ቀን ሌላም ነገር አየሁ። እማዬ ገጽ ልታገላብጥ ስትል ጣቷን በምላሷ ነካ ታደርጋለች፤ ዳዊቷን ስታነብ እንደምታደርገው። መጀመሪያ የንባብ ልማድ መሰለኝ። ስጠይቃት «ካልረጠበ አይሰማኝም» አለችኝ።

ራሷ ሞክራ የደረሰችበት ነገር ነው፤ ምክንያትም አለው። የዛሬ ታብሌት ስክሪን በግፊት አይሠራም። መስታወቱ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል አለ፤ ጣት ሲጠጋው ይቀየራል፤ ታብሌቱ መነካቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ቆዳችን ርጥበት ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ቆዳ ይደርቃል። ብዙ ዓመት የጋገረ፣ ያጠበ፣ የቆፈረ እጅ ላይ ደግሞ የጣቱ ጫፍ ይጠነክራል። ስለዚህ ስክሪኑ አንዳንዴ ጣቱን ከነጭራሹ አያየውም። ሰውየው ነክቷል፤ ታብሌቱ አልተነካሁም ይላል። ሰውየው ጥፋቱን ከራሱ ይፈልጋል። እጅ የሚንቀጠቀጥ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ አንዴ የታሰበው ንክኪ ሁለትና ሦስት ሆኖ ይቆጠራል።

ለዚህ የመጀመሪያው መልስ ሰፊ ቁልፍ ነው። አፕል ለአፕ ገንቢዎች በሚሰጠው መመሪያ አንድ የሚነካ ነገር ከ44 በ44 ነጥብ (የስክሪን መለኪያ ነው) እንዳያንስ ይመክራል። ጉግል ለአንድሮይድ 48 በ48 ይላል፤ ይህ ስክሪኑ ላይ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ ዝቅተኛውን 24 በ24 ፒክስል አድርጎታል። በእኔ እምነት 24 ለአረጋዊ ጣት አይበቃም። 48 እንኳ ቢሆን አጠገቡ ሌላ ቁልፍ ተለጥፎ ከሆነ ዋጋ የለውም። «ላክ» እና «ሰርዝ» ትከሻ ለትከሻ የተቀመጡበትን አፕ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ሰፊ ስክሪን ያለው ታብሌት ላይ ይህን ማድረግ በምንም አይገባኝም። ቦታ ሞልቷል።

ታብሌት ከስልክ የሚለይበት ነገርም ይረሳል። ታብሌት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የመጀመሪያው አይፓድ 680 ግራም ነበር። የዛሬዎቹ ቀለል ቢሉም አንድ ሰው በሁለት እጁ ይዞ ሲቀመጥ አውራ ጣቶቹ የስክሪኑን ጠርዝ ይነካሉ። ጠርዙ ላይ ቁልፍ ካለ ሳያስበው ይጫነዋል። እማዬ የምትይዘው እንደ ትሪ ነው፤ ከሥር ደግፋ፣ አውራ ጣቶቿን ከላይ አሳርፋ። ደህና መያዣ ነው። ቁልፍን ጠርዝ ላይ የሚለጥፍ ዲዛይነር ግን ይህን አያያዝ አላየውም።

የማይመልሰውን ስክሪን እንዲመልስ ያደረጉ ሰዎች ግን አሉ። የጃፓኑ ፉጂትሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ለአረጋውያን ያሰበውን ስማርት ስልክ አወጣ። ስሙ ራኩራኩ ይባላል፤ «ቀላል፣ ምቹ» እንደማለት ነው። በዚህ ስልክ መንካትና መጫን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቁልፉን ነካ ሲያደርጉት ቀለሙ ይቀየራል፤ «እዚህ ነህ» ይላል። ገፋ አድርገው ሲጫኑት ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ «ተቀብያለሁ» ይላል። ከዚያ በፊት ምንም አይከፈትም። ጣት ተንሸራቶ የማይፈለግ ነገር ቢነካ ችግር የለም፤ ገና አልተጫነምና። ሳነበው በቀጥታ የታየኝ የእማዬ ኦሊቬቲ ነው። ዲዛይነሮቹ የድሮውን ቁልፍ መልስ መስታወት ላይ መልሰው አመጡት።

አሁን ባሉት ታብሌቶችም ብዙ ማስተካከያ አለ። አንድሮይድ ላይ ነክቶ የመቆያውን ጊዜ ማስረዘም ይቻላል። አይፓድ ላይ ጣት ለተወሰነ ጊዜ ካላረፈ ንክኪው እንዳይቆጠር፣ ተደጋጋሚ ንክኪም አንድ ተደርጎ እንዲወሰድ ማድረግ ይቻላል። ሳምሰንግ ምልክቶቹን የሚያሰፋና የመቆያውን ጊዜ የሚያስረዝም ቀላል አሠራር አለው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 ከአይፓድ 17ኛው ሥርዓት (ታብሌቱን ከሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) ጋር ስክሪኑን ወደ ጥቂት ትላልቅ ቁልፎች የሚቀንስ አማራጭ ጨምሯል። እኔም የእማዬን የመቆያ ጊዜ «ረዥም» ላይ አደረግኩት። የእህቴ መደወያ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ግን ሴቲንግ ውስጥ ሦስት አራት ደረጃ ወርጄ፣ ምን እንደምፈልግ አውቄ ነው ያገኘሁት። ማስተካከያው ለሚያስፈልጋት ሰው የማይደረስበት ቦታ ነው የተቀበረው። ታብሌት ገና ሲከፈት ቋንቋና ዋይፋይ ይጠይቃል። «ፊደሉ በደንብ ይታይዎታል? ይህን ቁልፍ ይሞክሩት፣ ሰማዎት?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይጎዳው ነበር?

ዓይንና ፊደል

ለአረጋውያን ዲዛይን ሲባል ሰው ሁሉ ቶሎ የሚለው «ፊደሉን አተልቀው» ነው። ማተለቅ ያስፈልጋል። ዓይን ግን በዕድሜ የሚያጣው መጠንን ብቻ አይደለም። የዓይን ብሌን በጨለማ የመስፋት አቅሙ ይቀንሳል፤ ሌንሱም ወደ ቢጫ እየሄደ ይደበዝዛል። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና ላይ (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል ነው) የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚደርሰው ሲሶ ያህሉ ነው። ሌንሱ ቢጫ ሲል ሰማያዊ ቀለም ይፈዛል፤ ሰማያዊና አረንጓዴን መለየትም ይከብዳል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ደግሞ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከሞራ ግርዶሽ ነበር። ሞራ ገና ሲጀምር ሰውየው ያያል፤ ግን እንደ ጭጋግ፣ ከብርሃን ጋር እየተጣላ ነው የሚያየው።

በዚህ ዓይን ፊት ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ማስቀመጥ ባዶ ወረቀት እንደመስጠት ነው። ደብሊው ስሪ ሲ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ጥብቁ ደረጃ 7 ለ1 ነው። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ይሆናል። ይህን ለመለካት የሚያስፈልገው ነፃ መሣሪያና አንድ ደቂቃ ነው። ያም ሆኖ ፈዛዛው ግራጫ «ያምራል» ተብሎ በየአፑ ቀርቷል። ትልልቆቹም ተሳስተውበታል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው 7ኛ ሥርዓቱ ፊደሎቹን አቀጠነ፤ የቁልፎቹንም ድንበር አነሳ። ቁልፍና ተራ ጽሑፍ ተመሳሰሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 የቁልፍ ቅርጽ መልሶ የሚያሳይ አማራጭ ጨመረ። የእማዬ ጥያቄም ይኸው ነው፤ «የትኛው ነው የሚጫነው? የትኛው ነው የሚነበበው?» ትላለች።

አማርኛ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። የሌሎች መመሪያ ስለማይነግረን ራሳችን ልናስብበት ይገባል።

የላቲን ፊደል ወደ ላይ የሚወጣና ወደ ታች የሚወርድ ክፍል አለው። ቃሉ ከሩቅ ቅርጽ ይሰጣል። የእኛ ፊደል ግን ከሞላ ጎደል ቁመቱ እኩል ነው። መስመሩ ሲጠብብና ሲያንስ ገጹ እንደ ግንብ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል። ልዩነቱን የምትሸከመው ትንሽ ቅጥያ ናት። በ፣ ቡ፣ ቢ። ቅጥያዋ መሀል ላይ ከሆነች ቡ ናት፤ እግር ላይ ከሆነች ቢ። ዘ እና ዠን፣ ተ እና ቸን፣ ደ እና ጀን የምትለያቸውም ከላይ ያለች ጭረት ናት። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ይህ ሁሉ በዚያች ጭረትና በዚያች ቅጥያ ላይ ነው የቆመው።

እማዬ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለች። የአማርኛ ታይፕራይተር ላይ ቅጥያው የራሱ ቁልፍ ነበረው፤ ፊደሉን መትታ ቅጥያውን ትጨምራለች። ቅጥያ የረሳ ደብዳቤ ተመልሶ ይመጣባት ነበር። አንድ ቀን ታብሌቷ ላይ ዜና ስታነብ ቆም ብላ «ሰጠ ነው ሸጠ የሚለው?» አለችኝ። ተጠግቼ አየሁት። በዚያ መጠን እኔም በእርግጠኝነት አልለየሁትም። መሬት የሰጠና መሬት የሸጠ አንድ አይደሉም። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ አፕ ላይ ደግሞ «ደመረ» እና «ጀመረ» መለየት አለባቸው።

ስለዚህ ለእንግሊዝኛ የተመረጠውን የፊደል መጠን እንዳለ ለአማርኛ መጠቀም ስህተት ነው። እኔ በሥራዬ አማርኛውን ቢያንስ በሩብ አተልቀዋለሁ፤ በመስመሮች መካከልም ሰፋ ያለ ክፍት ቦታ እተዋለሁ። ማወፈር ደግሞ ሁልጊዜ አይረዳም። ለላቲን ፊደል ወፈር ሲደረግ ይጠራል፤ በአማርኛ ግን ትንሽ ፊደል ሲወፍር የሌ እና የቄ ቀለበት ይደፈናል። ጥሩ ፎንት አለ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም አቢሲኒካም በነፃ ይገኛሉ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ሰበብ እያነሰን ነው የመጣው። የጎደለው አተልቆና አራርቆ የሚያስቀምጠው ሰው ነው።

ሰው ፊደሉን ሲያተልቅ አፑ መፍረስ የለበትም። ይህን በገዛ ሥራዬ ነው የማውቀው። አንድሮይድ ከ14ኛው ሥርዓት ጀምሮ ጽሑፍን እስከ 200 በመቶ ያተልቃል። ብዙ አፕ ግን የተሠራው ለአጭር የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አማርኛው ሲገባበት ይሞላል፤ ሲተልቅ ደግሞ ይቆረጣል። «ገንዘብ ለመላክ...» ይልና ሦስት ነጥብ ያስቀምጣል። ለማን? እስከ መቼ? አይታይም። ያልታየውን ቁልፍ ደፍሮ የሚጫን አረጋዊ የለም፤ ትክክልም ናቸው።

ከፊደሉ ጋር ንግግሩም አለ። «ግባ»፣ «አስገባ»፣ «ተጫን»፣ «ቀጥል»። እማዬ ታብሌት ስትከፍት የሚያናግራት እንዲህ ነው፤ እንደ ጎረምሳ ልጅ። እኔ ልጇ ስለሆንኩ «አንቺ» እላታለሁ። ባንክ ግን ልጇ አይደለም። መስኮት ላይ ያለ የባንክ ሠራተኛ የ73 ዓመት ሴት «ና ፈርም» አይላትም፤ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ነው የሚላት። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ስለሆነ ተርጓሚው በወንድና በአንተ ይተረጉመዋል። «ይጫኑ»፣ «ያስገቡ»፣ «ይቀጥሉ» ቢል ለወንዱም ለሴቷም፣ ለወጣቱም ለአዛውንቱም ይሆናል። ፊደል ቢጨምርም አንድ ብቻ ነው። አክብሮት የዲዛይን ጉዳይ አይደለም የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እማዬ ግን «ይሄ ለእኔ የተሠራ አይመስለኝም» ስትል ያነሳችው አንዱ ነገር ይህ ነበር።

ሰዓትና ቀን

እህቴ ከቨርጂኒያ ሆና የደም ግፊት መድኃኒት ማስታወሻ ሞላችላት። ጠዋት 2 ሰዓት እንዲጮኽ። ታብሌቱም በትክክል ጮኸ። እማዬ ስክሪኑን አየችው፤ 8:00 ይላል። «ስምንት ሰዓት ገና ነው» ብላ አጠፋችው። መድኃኒቷን የወሰደችው ከምሳ በኋላ ነው። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። ማንም ጥፋት የለበትም፤ ማሽኑም አልተበላሸም። የእሷን ሰዓት የማያውቅ ስክሪን ብቻ ነበር። ጸሐይ ስትወጣ 12፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 1 ብሎ የሚቆጥር ሰው በሚሊዮን በሚቆጠርበት አገር የመድኃኒት ማስታወሻ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ አለበት። 6 መቀነስ ለኮምፒውተር ሥራ አይባልም።

የልደት ቀን ደግሞ የባሰ ነው። አንድ የጤና አፕ ላይ ልትመዘገብ ስትሞክር የተከፈተላት የዚህ ወር ካሌንደር ነው። ወደ ኋላ የሚመልስ ትንሽ ቀስት አለ። አንድ ንክኪ አንድ ወር። የ73 ዓመት ሰው ልደቷ ለመድረስ 876 ጊዜ መንካት አለባት። ከላይ ያለውን ዓመት ብትነካው በአንዴ መዝለል ትችል ነበር፤ ግን ዓመቱ ቁልፍ አይመስልም። እኔ አሳየኋት። ዓመቱን አገኘችና 1945ን መረጠች፤ የተወለደችበት ዓመተ ምሕረት ነው። አፑ የፈረንጅ አድርጎ ወሰደውና ከ7 ዓመት በላይ አስረጃት። ይህ ቁጥር ሐኪም ጋ የሚሄድ ነው።

በጣም የሚቆጨኝ መፍትሔው እጃችን ላይ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ካሌንደር ስሌት አንድሮይድም አይፓድም ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል። ገንቢው ጥቂት መስመር ጽፎ ሊጠራው ይችላል። ቀን፣ ወርና ዓመት ለየብቻ የሚጻፍባቸው ሦስት ሰፋፊ ሳጥኖች፣ ከላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ጽሑፍ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ጊዜና ስህተት

ወደ ተነሳሁበት ልመለስ። ስህተት ስንት ያስከፍላል?

አክስቴ አሜሪካ ነው የምትኖረው። ክሊኒክ ስትሄድ መጀመሪያ ታብሌት ይሰጧታል፤ ሙይ ይሏታል። ስምሽ፣ ኢንሹራንስሽ፣ የምትወስጂው መድኃኒት። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ታነባለች፤ መድኃኒቶቿን ከቦርሳዋ እያወጣች ትጽፋለች። መሀል ላይ ስክሪኑ «ጊዜዎ አልቋል» ብሎ ሁሉንም ያጠፋል። እንደገና ከመጀመሪያ። በሁለተኛው ሲደገምባት ታብሌቱን መልሳ ሰጠች። አሁን ልጇ ከሥራ አስፈቅዶ ካልመጣ አትሄድም። የደብሊው ስሪ ሲ መመሪያ እኮ ለዚህ መልስ አለው፤ ጊዜው ከማለቁ በፊት ያስጠንቅቅ፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ ይስጥ፣ በአንድ ቀላል ንክኪ ያራዝም፣ ማራዘሙንም ቢያንስ 10 ጊዜ ይፍቀድ። የተጻፈው ነገር እንዳይጠፋ ማድረግ ደግሞ መመሪያም አያስፈልገውም።

እማዬ ቤት ይኸው ችግር በሌላ መልክ ይመጣል። ገንዘብ ልትልክ ስትል ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር በአጭር መልእክት ይላካል። መልእክቱ የሚገባው ስልኳ ላይ ነው፤ ስልኳ ጓዳ ነው ያለው። ተነስታ ታመጣለች። መነጽር ትቀይራለች። ሦስት አሃዝ ትጽፋለች፣ ተመልሳ ስልኩን ታያለች፣ ሦስቱን ትጨምራለች። አልፎበታል። «የተሳሳተ ቁጥር» ይላታል፤ በቀይ። ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ ዘገየ እንጂ። ለደህንነት ሲባል ገደብ መኖሩ ይገባኛል። ግን «ጊዜው አልፏል፣ አዲስ እንላክልዎ?» ማለትና «ተሳስተሻል» ማለት አንድ አይደለም። ሦስቴ ተሳስተሻል የተባለች ሴት አራተኛ አትሞክርም። ገንዘቧን የዘጋባት ይመስላታል፤ አንዳንዴም እውነት ይዘጋባታል።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን በሕግ ይዞታል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 28 ቀን 2025 ጀምሮ የባንክ አገልግሎት፣ የኢንተርኔት ንግድ፣ አዲስ የሚወጡ ኮምፒውተርና ስማርት ስልክ፣ ኤቲኤምም ለአካል ጉዳተኞችና ማየትና መንካት ለሚቸግራቸው ተደራሽ እንዲሆኑ ግዴታ ተደርጓል። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ስምምነቱ ስለ መረጃና ስለ ቴክኖሎጂ ተደራሽነት በግልጽ ይናገራል። የእኛ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች አፕ ሲያሠሩ ውሉ ላይ ሊጽፉት የሚገባ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ «ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ አምስት ሰዎች ያለ ረዳት ሞክረውት የጨረሱት ይሁን» የሚል አንድ መስመር። አምስት ሰው ማግኘት ከባድ አይደለም። ዕድር አለ፣ የጡረተኞች ማኅበር አለ፣ የየቤታችን እናቶችና አባቶች አሉ። ሲሞክሩ ግን ማስረዳት ክልክል ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ እጃቸውን ማየት ብቻ።

ለአረጋውያን ተለይቶ የተሠራ ታብሌት ይሻላል የሚሉ አሉ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ታብሌት ይሸጣል፤ ጥቂት ትላልቅ ቁልፎች ብቻ ያሉት፣ ቤተሰብ ከሩቅ የሚያስተካክለው። መርሳት ለጀመረ ሰው ወይም እጁ ለከዳው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። እማዬ ግን አትፈልገውም። ጠይቄያታለሁ። «የልጆቹ ዓይነት ይሁንልኝ» ነው ያለችው። የልጅ ልጇ የላከላትን ቪዲዮ እሱ ባየበት መልክ ማየት ትፈልጋለች። እኔም ወደዚህ አደላለሁ። ተራው ስክሪን ከመልስ፣ ከጊዜና ከመመለሻ ጋር ቢሠራ አብዛኛው አረጋዊ ሌላ ዕቃ አያስፈልገውም። ሕፃን ታቅፎ በአንድ እጁ የሚነካውም፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያነበውም ወጣት ይጠቀምበታል።

ባለፈው እሑድ ስሄድ ታብሌቱ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ነበር። ከጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አየሁ፤ በእስክሪብቶ፣ በዚያ በቀጥ ባለው የታይፒስት ጽሑፏ። «8:00 = ጠዋት 2 ሰዓት። መድኃኒት።» ከሥሩ «ነካ፣ ቶሎ ማንሳት»። ከዚያ ሥር የእህቴ ስም፣ አጠገቡም ክብ አረንጓዴ ምልክት ተስሏል፤ የመደወያው።